ለድሬ ልጅ ቤት ውስጥ የትኛው የውጭ ቋንቋ? እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ ሲነጻጸሩ

የድሬ ልጅ ቋንቋ አይፈራም። ቤቱ አማርኛ እየተናገረ፣ ሰፈር ውስጥ በኦሮምኛ እየተጫወተ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ደግሞ በሶማሊኛ ዋጋ እየጠየቀ የሚያድግ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ ቤት ውስጥ የውጭ ቋንቋ ላስጀምር ብሎ ሲነሳ «ልጁ አይምታታበትም ወይ?» የሚለው ስጋት እዚህ ከተማ ብዙም አያስኬድም። የሚምታታው ወላጁ ነው። የትኛውን ይምረጥ? በየትኛው ሰዓት? በማን አፍ?

ኢንተርኔት ላይ «ለመማር ቀላል የሆኑ ቋንቋዎች» እየተባለ የሚዞረው ዝርዝር ለእኛ አይሠራም። የዝርዝሩ ሥር የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ የሚሰጠው ሥልጠና ነው። እዚያ ፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ገደማ፣ ዐረብኛና ቻይንኛ ደግሞ 88 ሳምንት ወይም 2,200 የክፍል ሰዓት ይፈጃሉ ይባላል። ይህ ግን አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ አዋቂ የተለካ ነው። አፉን በአማርኛ ለፈታ ልጅ ዐረብኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ «ቤት» እና «በይት»፣ «ስም» እና «ኢስም» እንግዳ አይሆኑበትም። ሚዛኑ ከዚህ ተነሥቶ እንደገና መሠራት አለበት።

እኛ የምንመክረው ሚዛን አንድ ነው፦ ልጁ በቋንቋው ሲናገር የሚመልስለት ሰው አለ ወይ? በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው ይናገረዋል የሚለው ለስድስት ዓመት ልጅ ምኑም አይደለም። ረቡዕ ማታ መልስ የሚሰጠው አንድ ሰው ይበልጥበታል።

ከመምረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 15 ደቂቃ ከልጁ ጋር የሚያወራ፣ በእግር የሚደረስ ሰው። ጂዳ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች አክስት ትሆናለች፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባባ ይሆናሉ፣ ኮሌጅ የምትማር የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። የቋንቋ መምህር መሆን አይጠበቅባቸውም። እንዲያውም መምህር ያልሆኑት ይሻላሉ፤ እርማት ስለማያበዙ ልጁ አፉን አይዘጋባቸውም።

ቀጥሎ ልጁ አሁን የሚያነበው በምን ፊደል እንደሆነ እዩ። ድሬዳዋ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። በአማርኛ የሚማረው 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ቤት፣ ማለትም 231 ቅርጽ እየለየ ነው። በቁቤ የሚማረው የላቲን ፊደል ያውቃል፤ ችግሩ የፊደሉ ድምፅ የተለየ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው ድመት ለማለት «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይጽፋል። የቁቤው «ሲ» ግን «ጭ» ነው፤ ስለዚህ ልጁ ቃሉን በቁቤ ካነበበው የሚወጣው ድምፅ ወደ «ጫት» ይጠጋል። ቤቱ ይስቃል፣ ልጁ ያፍራል። በሶማሊኛ አጻጻፍ ደግሞ ያው ፊደል «ዐ» ነው። ይህ የልጁ ስንፍና ሳይሆን የሁለት ሥርዓት ግጭት ነው። መፍትሔው ልጁ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ እስኪያነብ ድረስ አዲሱን ቋንቋ በጆሮና በአፍ ብቻ ማስኬድ ነው፤ ለአብዛኛው ልጅ ይህ እስከ 2ኛ ክፍል አጋማሽ ይደርሳል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ማንም ሰው ምንም አይማርም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ልጁም ወላጁም ጥላ ነው የሚፈልገው። የበርጫ ሰዓትም ከልጅ ጋር አይገጥምም። የሚሠራው ከምሽቱ 12፡30 እስከ 1፡30 ያለው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቤተሰቡ በረንዳ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ለአምስት ቀን ቅዳሜ ላይ ከሚጫን ሁለት ሰዓት በብዙ ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሳምንት 125 ደቂቃ፣ በ40 ሳምንት 83 ሰዓት። ለአዋቂ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤ1 የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 100 ሰዓት ይገመትለታል። አንድ ዓመት ሳይቋረጥ የተሄደ ቤት እዚያው ደጃፍ ይደርሳል ማለት ነው።

አንድ ነገር በጎን እንበል። እዚሁ ከተማ ተወልዶ ኦሮምኛም ሶማሊኛም የማያወራ ልጅ ካላችሁ፣ ከውጭው በፊት የጎረቤቱን ብታስቀድሙ እንመርጣለን። አስተማሪው በነጻ ነው፣ ደጃፍ ላይ ይውላል፣ ኳስም ይዟል።

እንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ላይ ምርጫው «ይማር አይማር» አይደለም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በእርሱ ነው። ጥያቄው ያቺን የማታ 25 ደቂቃ ለእንግሊዝኛ መስጠት ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። ልጁ መጻሕፍቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ በሆኑበት የግል ትምህርት ቤት ከሆነ አያዋጣም፤ ሰዓቱን ለሌላ ቋንቋ ስጡት። 3ኛ ክፍል ደርሶ የእንግሊዝኛ ቃል ገጣጥሞ ማንበብ ካቃተው ግን ሌላ ቋንቋ አትፈልጉ፣ ይኸኛውን ጠግኑ።

ጥገናው ከፊደል ስም ሳይሆን ከፊደል ድምፅ ይጀምራል። ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ፣ ኤን የሚባሉትን ስድስቱን «ስስስ»፣ «አ»፣ «ት» እያላችሁ በድምፃቸው አስይዙ። ስድስቱ ብቻ «ሳት»፣ «ታፕ»፣ «ፒን»፣ «ቲን»፣ «ናፕ» እና ሌሎችም ቃላት ይሰጣሉ፤ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ቃል ይሠራል። ኤ ቢ ሲን እየዘፈነ ስድስት ወር የሚቆይ ልጅ ግን ዘፈኑን እንጂ ማንበብን አልተማረም።

የአማርኛ አፍ እንግሊዝኛ ላይ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። «ስ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ተጣብቆ ቃል ሲጀምር እኛ «እ» እናስቀድማለን፣ «እስኩል» እንላለን። አጭሩና ረጅሙ «ኢ» ስለማይለይልን መርከብና በግ አንድ ይሆኑብናል። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጥ «እኔ ዳቦ በላሁ» ቃል በቃል ተገልብጦ ይወጣል። የመጀመሪያውን ሁለት በጨዋታ አርሙ፤ ሦስተኛው ብዙ በመስማት ራሱ ይስተካከላል።

«ና፣ አፕልህን ብላ፣ ሹዝህን አድርግ» ማለት ደግሞ እንግሊዝኛ ማስተማር አይደለም። ልጁ ፖም እና ጫማ የሚሉ ሁለት የአማርኛ ቃላት አጣ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አላገኘም።

ዐረብኛ

ለብዙ የድሬና የሐረር ቤቶች ከሁሉ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ሙስሊም ለሆነውም ላልሆነውም። ተናጋሪው ቅርብ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ቅርብ ነው፣ ቃላቱም ግማሽ መንገድ ድረስ ይቀበሉናል።

ከቃላቱ እንጀምር። የመጀመሪያው ወር 30 ቃል ልጁ በከፊል ከሚያውቀው ይመረጥ። በይት፣ ዐይን፣ ረእስ፣ ኢስም፣ የድ፣ ከውከብ፣ ሰማእ፣ በሕር፣ ነፍስ ወንድሞቻቸው ቤት፣ ዓይን፣ ራስ፣ ስም፣ እጅ፣ ኮከብ፣ ሰማይ፣ ባሕር፣ ነፍስ ናቸው። ከዐረብኛ ወደ እኛ የገቡት ደግሞ ማእድ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፦ ሱከር ስኳር ነው፣ ሰሕን ሳህን ነው፣ ሳቡን ሳሙና ነው፣ ደፍተር ደብተር ነው፣ ሻይም ያው ሻይ ነው። ሰዋስውም ያግዛል። ለወንድ «አምጣ» ለሴት «አምጪ» ማለት የለመደ ልጅ «ሃት» እና «ሃቲ» ሲባል ልዩነቱን የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም።

ማታ ሻይ ሲፈላ ስድስት ቃል ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ። እናት ለልጇ «ሃቲ ሱከር» ትላለች፤ ልጅቷ ስኳሩን ታቀብላለች። ስኒው ሲቀርብ «ሳኺን» (ትኩስ ነው) እያለች እጇን ቶሎ ትስባለች። ሲቀዘቅዝ «ኢሽረቢ» (ጠጪ)። ልጅቷ ቀምሳ «ሑልው» (ጣፋጭ) ትላለች። ሲያልቅ «ኸላስ»። ምንም ትርጉም አይነገርም፤ እጁና ስኒው ይተረጉማሉ። ይህ ለአሥር ማታ ሳይለወጥ ይደገም፣ በአሥራ አንደኛው ልጅቷ አዛዥ ትሁን፣ እናት ታዛዥ።

ወጥመድም አለው። ትልቁ ቁጥር ነው። ዐረቡ ሦስትን «ሰላሳ»፣ አራትን «አርበዓ»፣ አምስትን «ኸምሳ»፣ ሰባትን «ሰብዓ»፣ ስምንትን «ሰማኒያ» ይላል። ለእኛ ጆሮ እነዚህ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ናቸው። ሱቅ የሚላክ ልጅ በዐረብኛ ቆጥሮ በአማርኛ ብር ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ አይከብድም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቁጥርን ከብር ጋር አታገናኙ። ሦስት ተምር እጁ ላይ አድርጋችሁ «ሰላሳ» በሉ፤ የተጻፈ ቁጥርም ዋጋም አይግባ። የሚያስቱ ተመሳሳይ ቃላትም አሉ፦ «ኪስ» እዚያ ከረጢት ነው፣ «ሱቅ» መላው ገበያ ነው፣ «ኪታብ» ክታብ ሳይሆን መጽሐፍ ነው። «ከልብ» ደግሞ ውሻ ነው፤ «ከልብ እወድሃለሁ» የሚለውን ከዐረብኛው ጋር ባትቀላቅሉት ይመረጣል።

ድምፁን በተመለከተ ፊደላችን ውስጥ ሐ እና ዐ ተጽፈው አሉ፣ ከአማርኛ አፍ ግን ድምፃቸው ጠፍቷል። ሶማሊኛ የሚያወራ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ስለሚመጣ እርሱን አታስጨንቁት። ለሌላው «ሐ» የምትለመደው መስታወት ፊት ነው፦ መነጽር ለማጽዳት እንደሚተነፍስ ሰው ከጉሮሮ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያውጣ፣ መስታወቱ ይደምን። «ዐይን» ጊዜ ይወስዳል፤ በስድስት ወር ካልመጣ ችግር የለውም። ሷድንና ጧእን ልጁ በጸ እና በጠ ይተካቸዋል። ዘዬው ይከብዳል፣ ነገሩ ግን ይገባል።

ፊደሉ 28 ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ አብዛኛው በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መልኩን ይለውጣል። ስድስቱ ከተከታያቸው ጋር አይያያዙም፤ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ረእ፣ ዛይ፣ ዋው። በነጥብ ብቻ የሚለያዩትን እንደ ቤተሰብ እየመደባችሁ በሳምንት ሁለት ፊደል ሂዱ፣ በ14 ሳምንት ያልቃል። ልጁ ቁርአን ቤት የሚሄድ ከሆነ ይህን ሥራ ጨርሷል። ግን ማንበቡን መረዳት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። «በይት» የሚለውን ጽፋችሁ አሳዩት፤ አሳምሮ አንብቦ ምን ማለት እንደሆነ ካላወቀ፣ የጎደለው ንግግር ነውና በሻዩ ጀምሩ።

ቀጥሎ የትኛው ዐረብኛ የሚለው ይመጣል። «ምን ትፈልጋለህ?» በመጽሐፉ ዐረብኛ «ማዛ ቱሪድ» ነው፤ ጂዳ «ኤሽ ቲብጋ» ይላል፤ ሰነዓ «ኤሽ ቲሽቲ» ይላል። ከጂዳ የመጣች አክስት ካለች የእርሷን ያዙ፣ የሚመልስ ሰው ያለው እርሱ ነውና። ከሌለች የመጽሐፉን፣ ፉስሓ የሚባለውን፣ ያዙ። ስፔስቱን የሚባለው የልጆች ጣቢያ ፊልሞቹን የሚተረጉመው በፉስሓ ነው። የሚተላለፈው በናይልሳት ሳተላይት ነው፤ ዲሻችሁ ወደ ኢትዮሳት ከዞረ አይገባም። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆኑ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ (የዲሹን ምልክት መቀበያ) በማሰር አይሞከርም፣ ሁለተኛ ዲሽ ያስፈልጋል። ሠራተኛው «ይሠራል» ቢላችሁም ክፍያውን ምስሉን ሳታዩ አትስጡ።

ፈረንሳይኛ

ድሬ ፈረንሳይኛን የምታውቀው ከልደቷ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚያው ነው፤ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ሥራውን በፈረንሳይኛ ሠርቷል። ለገሃር፣ ቢሮ፣ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ሸሚዝ ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ቤት ውስጥ የማስተማሩም ነገር አዲስ አይደለም፤ ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን ሐረር ላይ ፈረንሳይኛ ያስጀመሩት ቪታሊየን በሚባሉት የጓድሉፕ ሐኪምና በአባ ሳሙኤል ነበር።

ዛሬ ግን በታሪክ ብቻ አይመረጥም። ብዙ ሰው «ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ ፈረንሳይኛ ይጠቅመዋል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፣ ትምህርት ቤቱና ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። ገበያው፣ ታክሲውና የጭነት መኪናው ላይ ግን የሚሰማው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ለትራንዚት፣ ለጉምሩክ፣ ለባንክ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት የምታስቡ ከሆነ ፈረንሳይኛ፤ ለንግድ ወሬ ከሆነ ሶማሊኛ ይቀድማል።

ጥሩ ጎኑ የማንበብ ሕጉ ጽኑ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ በየቃሉ ሕግ ያፈርሳል፤ ፈረንሳይኛ ግን ሕጉ ብዙ ቢሆንም አንዴ ከተያዘ አያታልልም። የመጨረሻ ተነባቢ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ «ኦ» የሚለው ድምፅ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ፊደል ሊጻፍ ይችላል፣ ሲነበብ ግን ያው «ኦ» ነው። ከባዱ የአፍንጫ ድምፅ ነው። እኛ «ቦንዡር» ስንል «ን»ን በምላስ እንዘጋለን፤ እነርሱ ምላስ ሳያስነኩ አየሩን በአፍንጫ ያወጡታል። ሌላው በ«ኢ» እና በ«ኡ» መካከል ያለው ነው፦ ልጁ «ኢ» እያለ ከንፈሩን እንደ «ኡ» ያሹል፣ ይመጣል።

ጾታ ሌላ ችግር ነው። እኛ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ ፈረንሳዩ ፀሐይን ወንድ ያደርጋታል። ምክንያት አትፈልጉለት። ከካርቶን ሁለት ዓይነት ካርድ ቁረጡ፣ ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ ማርከር ክፈፉ። ቃሉን ብቻውን በፍጹም አትጻፉ፤ «ለ» ወይም «ላ» ከፊቱ ይኑር። ቃሉን ለብቻው ያጠና ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ጾታውን ከዜሮ ነው የሚማረው። ቁጥሩም እስከ 69 ሰላም ነው፤ 70 ስልሳ-አሥር፣ 80 አራት-ሃያ፣ 90 አራት-ሃያ-አሥር ይሆናል። 3ኛ ክፍል ማባዛት እስኪለምድ እዚያ አትድረሱ።

«ቱ» እና «ቩ»፣ ማለትም አንተ እና እርስዎ፣ ድሬ ላይ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል። ትልቁም ትንሹም አንተ በሚባባልበት ከተማ ያደገ ልጅ «ቩ» ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም። ከአዲስ አበባ የመጡ አያት ሲያነጋግር አስቡበት።

የከተማው አሊያንስ (የፈረንሳይኛ ቋንቋ ማእከሉ) ትምህርት ስለሚሰጥ ለልጆች የሚሆን ክፍል እንዳለው ጠይቁ። ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ዴልፍ ፕሪም የሚባል የልጆች ፈተና አለ፣ ደረጃዎቹ ኤ1.1፣ ኤ1 እና ኤ2 ናቸው። ከአራቱ ቋንቋዎች በቤት ጥናት ሊደረስበት የሚችል ግልጽ ግብ በማስቀመጥ ፈረንሳይኛን የሚያህል የለም።

ቻይንኛ

አዲሱን ሐዲድ ቻይናውያን ስለሠሩት፣ ፋብሪካም ስላላቸው ብዙ ወላጅ ይጠይቃል። ሰዋስዉ ቀላል ነው፦ ግሥ መልኩን አይለውጥም፣ ጾታ የለም። ችግሩ ዜማው ነው። «ማ» የሚለው ድምፅ እንደ ዜማው እናት፣ ተልባ መሰል ቃጫ፣ ፈረስ ወይም ስድብ ይሆናል፤ አራት ዜማ ነው። ዜማውን የሚሰማና የሚያርም አፍ ከሌለ ልጁ ዜማ አልባ ቻይንኛ ይለምዳል፣ ማንም አይረዳውም። ድምፁን ለማንበብ የሚጠቀሙበት የላቲን ፊደልም በ«ኪው» «ች»ን፣ በ«ኤክስ» «ሽ»ን ይጽፋል፤ በቁቤ ላይ ይህ ሲጨመር ሦስተኛ ግጭት ነው።

ዋይሲቲ የሚባለው የልጆች ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ 80 ቃል፣ ሁለተኛው 150 ብቻ ስለሚጠይቅ በወረቀት ቀላል ይመስላል። ቤት የሚመጣ ተናጋሪ ካላችሁ ጀምሩ። ከሌላችሁ በስልክ ብቻ አትጀምሩ።

ለየትኛው ቤት የትኛው

ዘመድ ከዐረብ አገር የተመለሰበት ወይም ልጁ ቁርአን ቤት የሚሄድበት ቤት፦ ዐረብኛ፣ ሳያመነቱ። ከአያቶቹ አንዱ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ወይም ወደ አሊያንስ በእግር የሚኬድበት ቤት፦ ፈረንሳይኛ። ተናጋሪ የሌለው፣ ልጁም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚደክም ቤት፦ እንግሊዝኛ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ሁለት እኩል የቀረቡላችሁ እንደሆነ ከልጁ ጋር ብዙ ሰዓት የሚውለው ሰው የሚችለውን ያዙ። ሁለቱን ባንዴ መጀመር የሚቻለው በሰው ከተለዩ ብቻ ነው፤ አክስት በዐረብኛ፣ አባት በእንግሊዝኛ። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ማታ ካፈራረቀ ልጁ ወደ አማርኛው ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

አንድ የሳሙና ካርቶን ይበቃል፤ እንደ መዳፍ ስፋት ቁረጡት፣ 60 ካርድ ይወጣዋል። ፊቱ ላይ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ምንም። በሳምንት ሰባት ወይም ስምንት ቃል፣ ከዚያ አይበልጥ። ዛሬ የገባ ቃል ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያም በሦስት ሳምንት ይጠየቅ፤ ለዚህ አራት የስኒ ሣጥን መደርደር ይበቃል፣ የታወቀው ካርድ ወደ ቀጣዩ ሣጥን ያልፋል፣ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

የ25 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ይሁን፦ አምስት ደቂቃ የትናንቱ ካርድ፣ አሥር ደቂቃ እንደ ሻዩ ያለ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ የተቀዳ ድምፅ ወይም መዝሙር፣ የቀረው ጨዋታ። ኔትዎርክ ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ድምፁን ቀድማችሁ አውርዱ። የእናንተ አነጋገር ጥሩ ካልሆነ አትፈሩ፤ አብነቱ የተቀዳው ድምፅ ይሁን፣ እናንተ አብራችሁ ተማሪ ሁኑ።

ልጁ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ እየሰማ አንድ ቃል ላይመልስ ይችላል። ይህ ዝምታ በአዲስ ቋንቋ ላይ የተለመደ ነው። «አምጣ» ሲባል የሚያመጣ ከሆነ እየተማረ ነው።

የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቋንቋው አይደለም። እንግዳ ሲመጣ «በል እስቲ ቁጠርላቸው» ማለት አንዱ ነው፤ አንድ ጊዜ ተስቆበት ያፈረ ልጅ ለወር አፉን ይዘጋል። በየዓረፍተ ነገሩ መተርጎም ሌላው ነው፤ ልጁ ትርጉሙ እንደሚመጣ ካወቀ የፊተኛውን መስማት ያቆማል። ነጥብ የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ ሰጥቶ መሄድም እንዲሁ፤ ጣቱ ይለምዳል፣ አፉ ግን አይለምድም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መቋረጥ ነው፦ በረመዳን ሰዓቱ ከኢፍጣር በኋላ ይዛወር እንጂ አይታጠፍ፣ በክረምት ዕረፍት ወደ 10 ደቂቃ ይነስ እንጂ አይቁም።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ፈትኑ፣ ለልጁ ግን ፈተና ነው አትበሉት። ከ60ው ካርድ 40ውን ሲሰማ ይጠቁማል? አሥር ትእዛዝ ይፈጽማል? ሳይጠየቅ አንድ ቃል አውጥቶ ያውቃል? ሁለቱ ከተሟሉ ቀጥሉ። ካልተሟሉ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩ፣ ከዚያ የሚያነጋግረውን ሰው። ሁለቱም ተቀይረው አራት ሳምንት ሞልቶ ካልተንቀሳቀሰ ያን ጊዜ ቋንቋውን ቀይሩ፤ የካርቶኑ ሥዕል ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለሚቀጥለውም ይሆናል።